የሚያጉረመርም ሞተር፦ ከአሶሳ ወፍጮ ቤት እስከ መጫወቻ ባቡር

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በጉባ፣ ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሥር 13 ተርባይኖች ተተክለዋል። ጠቅላላ አቅማቸው 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እንዲህ ያሉ ግዙፍ ማሽኖች በየኩሽኔታቸው ላይ ንዝረትና ሙቀት የሚለኩ መሣሪያዎች ይገጠሙላቸዋል። ንዝረቱ ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ መቆጣጠሪያው ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ካስፈለገም ማሽኑን ያቆመዋል። በዚያው ክልል ዋና ከተማ በአሶሳ፣ ማሽላና በቆሎ በሚፈጭበት ወፍጮ ቤት ደግሞ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው የወፍጨኛው ጆሮ ነው። ትናንት ያልነበረ ፉጨት ዛሬ ሲሰማ፣ ሞተሩ ለመነሣት ሲያመነታ፣ ሲቆም ደግሞ ሲያንኳኳ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

ጆሮ ግን ድምፁን ቢሰማም ምንጩን ሁልጊዜ አይለይም። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሞተሩ፣ ቺንጋው፣ ፑሌጃው፣ ድንጋዩና የቆርቆሮ ግድግዳው አንድ ላይ ይጮኻሉ። በዚህ መሐል «ኩሽኔታው ነው» ይባልና አዲስ ተገዝቶ ይገጠማል፤ ጩኸቱ ግን ባለበት ይቀጥላል። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅ ከተማ እንዲህ ያለ ስሕተት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቀናትም ይበላል። ተፈላጊው ዕቃ አሶሳ ገበያ ላይ ከታጣ፣ ከሌላ ከተማ እስኪመጣ ወፍጮው ይቆማል፤ የሠፈሩ ሰውም እህሉን ተሸክሞ ሌላ ወፍጮ ቤት ይፈልጋል።

ስለ ትንሽ ሞተር ጩኸት አብዝተው ከሚጨነቁ ሰዎች መካከል የድሮ መጫወቻ ባቡር ሰብሳቢዎች ይገኙበታል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የባቡር ሐዲድ የለውም፤ መጫወቻ ባቡር የሚሰበስብ ሰውም በቀላሉ አይገኝም። ሰብሳቢዎቹ ለዓመታት ያዳበሩት የምርመራ ሥርዓት፣ ማለትም አንዱን ክፍል ከሌላው ነጥሎ ማዳመጥ፣ ግን ለወፍጮ ሞተርም ለቤት ቬንትሌተርም እኩል ይሠራል።

ሦስት ዓይነት ድምፅ

የኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ ከሦስት ቦታ ይመጣል። የመጀመሪያው ከማግኔቱ ነው። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መረብ ኃይሉ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በሞተሩ ውስጥ ያለው መግነጢስ ግን በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ ይስባል፤ ስለዚህ የሞተሩ ብረት በሰከንድ 100 ጊዜ ይሳብና ይለቀቃል። ትራንስፎርመር አጠገብ የቆመ ሰው የሚሰማው ያ ወፍራም እምምታ ይኸው ነው። በመጠኑ ሲሆን ጤናማ ነው። ሲበረታ ግን ወይ የሞተሩ ጥቅል ተጎድቷል፣ ወይ ብረቶቹ ላልተዋል፣ ወይም ደግሞ ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ቀርቷል።

የመጨረሻው በወፍጮ ቤት አደገኛው ነው። ፊዩዝ ተቃጥሎ ወይም የኮንታክተር ጥርስ ተበልቶ አንድ ፌዝ ሲቀር፣ የቆመ ሞተር ያጉረመርማል እንጂ አይነሣም። በሥራ ላይ ያለ ሞተር ደግሞ መዞሩን ሊቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን በቀሪዎቹ ሁለት መስመሮች ከልክ ያለፈ ኃይል እየሳበ ይግላል። በፍጥነት ካልጠፋ ጥቅሉ ይቃጠላል።

ሁለተኛው ድምፅ ከሚሽከረከሩት ክፍሎች ይመጣል። ኩሽኔታ፣ ሚዛኑን የሳተ ሮተር፣ የተጣመመ አልቤሮ፣ የላላ ቡሎን እዚህ ይመደባሉ። ብዙ የወፍጮ ሞተሮች ባለ አራት ዋልታ ናቸው፤ በደቂቃ 1,450 ጊዜ ገደማ፣ ማለትም በሰከንድ 24 ጊዜ ያህል ይዞራሉ። ስለዚህ ሚዛን የሳተ ፑሌጃ ያለው ሞተር በሰከንድ 24 ጊዜ ያንቀጠቅጣል። ይህ በጆሮ ከመሰማቱ ይልቅ በእጅና በእግር የሚታወቅ ነው፤ ወለሉ ይርዳል፤ ከመስኮት ዳር የተቀመጠ ኩባያም ይንቀጠቀጣል።

ሦስተኛው የነፋስ ድምፅ ነው። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ከኋላው የተሰካው ክንፍ ንፋስ ሲገፋ ያፏጫል። ክንፉ ሲሰበር ወይም ሽፋኑ ተጎድቶ ሲነካው ድምፁ ወደ መፋቅ ይለወጣል። እንዲህ ያለው ጥፋት በዓይን ስለሚታይ ለመጠገንም ርካሹ እሱ ነው።

ማጥፊያውን ሲጫኑ የሚጀምር ምርመራ

የሞተር ጩኸት ምርመራ የሚጀምረው ከካቻቪቴ ሳይሆን ከማጥፊያው ነው። ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ሳለ ኃይሉ ይቋረጥ። ጩኸቱ በዚያችው ቅጽበት ጸጥ ካለ፣ ምንጩ መግነጢሱ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ እሱም ይጠፋልና። ሞተሩ በራሱ እየዞረ እስኪቆም ድረስ ጩኸቱ አብሮት ከቀነሰና ከወፈረ ግን ጥፋቱ ከሚሽከረከረው አካል ነው። ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው አንድ ጥንድ ጆሮ ብቻ ነው፤ ግማሹን ጥያቄም ይመልሳል።

ቀጥሎ ቺንጋው ይወጣና ሞተሩ ብቻውን ይነሣል። ጸጥ ብሎ ከዞረ ኩሽኔታ መግዛት አያስፈልግም፤ ችግሩ ከቺንጋው፣ ከፑሌጃው ወይም ከወፍጮው ነው። ብቻውንም ከጮኸ ደግሞ ፍለጋው ወደ ሞተሩ ይጠብባል። ከዚያ ኃይሉ ጠፍቶ፣ ማንም እንዳያበራው ማብሪያው ተቆልፎ አልቤሮው በእጅ ይዞራል። ጤናማ ኩሽኔታ እንደ ልብ ይዞራል፤ የተበላ ኩሽኔታ ጣት ላይ አሸዋማ ስሜት ይሰጣል። አልቤሮው ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀነቅ ከተንቃቃ ኩሽኔታው ወይም መቀመጫው ሰፍቷል ማለት ነው።

ከሁለቱ ኩሽኔታዎች የትኛው እንደሆነ ለመለየት የቆየ ዘዴ አለ። የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ኩሽኔታው ባለበት ክዳን ላይ ይደገፋል፤ እጀታው ከጆሮ ፊት ካለው አጥንት ላይ ይቀመጣል። ብረቱ የዙሪያውን ጫጫታ ትቶ የዚያችን ነጥብ ድምፅ ብቻ ወደ ጆሮ ያመጣል። ጤነኛው ተመሳሳይ የሆነ ሽርታ ያሰማል፤ ግራሶ ያለቀበት ይፏጫል፤ የተቦረቦረው ይንገራገጫል። ይህ ዘዴ ግን ከቺንጋውና ከፑሌጃው በተቃራኒ ወገን ተቁሞ፣ ነጠላና ሻሽ ተወልቆ፣ የተንጠለጠለ እጅጌ ተሰብስቦ የሚሠራ ነው። በሚዞር ቺንጋ የተያዘ ጨርቅ ሰውን ይዞ ይሄዳል።

ከጭነት ጋር የሚለወጥ ድምፅም ብዙ ይናገራል። ወፍጮው ባዶውን ጸጥ ብሎ እህል ሲገባ የሚጮህ ከሆነ ቺንጋው እየተንሸራተተ፣ ድንጋዩ ደንዞ ወይም ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እየተጫነ ነው። በተርባይን ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። በጉባ ያሉት ፍራንሲስ የሚባለው ዓይነት ተርባይኖች ናቸው። የዚህ ዓይነት ተርባይን ከሙሉ ጭነቱ ብዙ ዝቅ ብሎ ሲሠራ ከሥሩ የሚወጣው ውሃ መጠማዘዝ ይጀምራል፤ ሽክርክሪቱም ማሽኑን በዝግታ ያናውጠዋል። በሌላ ሁኔታ ደግሞ በክንፎቹ ላይ ያለው የውሃ ግፊት ሲወርድ ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠሩና ወደ ውስጥ ይደረመሳሉ፤ ድምፁ ጠጠር በቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ያስመስለዋል፤ ሲቆይም ብረቱን ይቦረቡረዋል። ስለዚህ መሐንዲሶች ተርባይኑ ከሚያናውጠው ክልል ውጭ እንዲሠራ ጭነቱን ይመድባሉ። ድንጋዩ መጎረስ ከሚችለው በላይ እህል የማይለቅ ወፍጨኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ኩሽኔታ፣ ግራሶና ዱቄት

የወፍጮ ቤት ሞተር ሲከፈት የሚታየው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው። በክዳኑ ዙሪያ ዱቄት ከግራሶ ጋር ተቦክቶ ግራጫ ሊጥ ሠርቷል። ሊጡ በጣት ሲታሸት ይቆረቁራል። ኩሽኔታው ከመጠን በላይ ግሎ ከነበረ የብረቱ ቀለም ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቡና ዓይነት ይለወጣል። በውስጡ ያሉት ኳሶች የሚሄዱበት ጎድጓዳ መንገድ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ። አንድ ኳስ ጉድጓዷን በረገጠ ቁጥር አንዲት ምት ትሰማለች። ስምንት ኳስ ባለው ኩሽኔታ፣ ሞተሩ በሰከንድ 24 ጊዜ ሲዞርና ጉድጓዱ ያለው በውጭው ቀለበት ላይ ሲሆን፣ ምቶቹ በሰከንድ 75 ገደማ ይደርሳሉ። በዚህ ፍጥነት ጆሮ አንድ በአንድ ስለማይቆጥራቸው የተያያዘ ማጉረምረም ሆነው ይሰማሉ።

ዱቄት በሚበንበት ቤት የኩሽኔታው ክዳን ዓይነት ለውጥ ያመጣል። በብረት ክዳን የተሸፈነው ደቃቅ ዱቄት ሙሉ በሙሉ አይከላከልም፤ የጎማ ክዳን ያለው ይሻላል። የኩሽኔታ ቁጥርም የሚነበብ ነገር ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ከ04 ጀምሮ በ5 ሲባዙ የውስጥ ቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር ይሰጣሉ፤ 6204 የተጻፈበት 20፣ 6308 የተጻፈበት 40 ሚሊ ሜትር አልቤሮ ላይ ይገባል። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ሲ3» የሚል ምልክት ካለ በኳሶቹና በቀለበቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከተለመደው ሰፋ ያለ ነው። የሚግል ሞተር ብረቱ ስለሚሰፋ ብዙ ፋብሪካዎች ይህን ይመርጣሉ። ቁጥሩ ተመሳሳይ ሆኖ ይህ ምልክት የሌለው ሲገጠም፣ ሞተሩ ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ማፏጨት ሊጀምር ይችላል።

አገጣጠሙም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ ኩሽኔታ ወደ አልቤሮው ሲገባ ምቱ ማረፍ ያለበት በውስጠኛው ቀለበት ላይ ነው፤ ለዚህ ስፋቱ የተስማማ ቧንቧ ይበቃል። ውጫዊው ቀለበት በመዶሻ ከተመታ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፍና መንገዳቸውን ያጎደጉዳል፤ ገና ከካርቶን የወጣው ዕቃ በዚያው ሰዓት ጩኸት ይጀምራል። ኩሽኔታው በዘይት ወይም በማሞቂያ እስከ 110 ዲግሪ ገደማ ከሞቀ ግን ሰፍቶ ያለ ብዙ ምት ይገባል። በእሳት ላይ በቀጥታ ማጋል አይገባም።

ግራሶ ሲበዛም ይጎዳል። ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ኳሶቹ ግራሶውን ሲቦኩት ይውላሉ፤ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ግራሶው ቀልጦ ወደ ጥቅሉ ይፈሳል። ሁለት ዓይነት ግራሶ መቀላቀልም አንዱ ሌላውን እንዲያቀጥነው ሊያደርግ ይችላል፤ አሮጌው ሳይጠረግ አዲሱ መጨመር የለበትም።

ቺንጋ፣ ድንጋይና መሠረት

ሞተሩ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ቺንጋው ነው። ሲነሣ የሚሰማ ረጅም ሲቃ የመንሸራተት ምልክት ነው። መፍትሔው ሁልጊዜ ማጥበቅ አይደለም። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ድምፁን ያጠፋና ጭነቱን ወደ ሞተሩ ኩሽኔታ ያዞረዋል፤ ከወራት በኋላ ጩኸቱ በሌላ በር ይመለሳል። በመጀመሪያ የሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት በአንድ መስመር ላይ መሆኑ ይታይ፤ ለዚህ አንድ ሲባጎ ይበቃል። ክሩ ከአንዱ ፑሌጃ ጠርዝ ወደ ሌላው ተወጥሮ አራቱንም ነጥቦች እኩል መንካት አለበት። ሦስት ቺንጋ አብረው በሚሠሩበት ወፍጮ አንዱ ሲበጠስ ሦስቱም አብረው ይለወጣሉ፤ አሮጌዎቹ ስለተለጠጡ አዲሱ ብቻውን ጭነቱን ይሸከማልና።

የድንጋይ ወፍጮ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩ ራሱ ይጠየቃል። የደነዘ ድንጋይ ከመፍጨት ይልቅ ያሻል፤ ዱቄቱ ይግላል፤ ሞተሩም ያቃስታል። ሲወቀር ሁሉም ይቀላል። ተወቅሮም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የሚዞረው ድንጋይ ሚዛን ስቷል ወይም አልቤሮው ላይ ዘንበል ብሎ ተቀምጧል።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው መሠረቱ ነው። ሞተሩ ከአራት እግሮቹ በሦስቱ ብቻ ተቀምጦ አራተኛው በቡሎን ኃይል ሲጎተት አካሉ ይጣመማል፤ ይህም ኩሽኔታውንም የመግነጢሱን ክፍተትም ያዛባል። ለማወቅ ቀላል ነው። ሞተሩ እየሠራ እያንዳንዱ ቡሎን በየተራ በጥቂቱ ሲላላና መልሶ ሲጠብቅ፣ አንዱ ሲላላ ንዝረቱ ከቀነሰ ጥፋቱ እዚያ እግር ሥር ነው፤ ቀጭን ብረት ይነጠፍበታል። ሞተሩና ወፍጮው በአንድ ብረት ላይ ታስረው ከብረቱ ሥር ወፍራም ጎማ ሲደረግ ወደ ወለልና ወደ ግድግዳ የሚያልፈው ንዝረት ይቀንሳል። ሞተሩን ብቻውን ጎማ ላይ ማስቀመጥ ግን ቺንጋው በተወጠረ ቁጥር ቦታውን ያስለቅቀዋል።

አንዳንዱ ጩኸቱን ለማፈን ሞተሩን በጆንያ ወይም በፍራሽ ይሸፍናል። ይህ ሞተሩን ማቃጠል ነው። የጥቅሉ ሽፋን ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ የሙያው የቆየ ስሌት ነው።

በመዳፍ ላይ የሚያርፍ ሞተር

የወፍጮ ሞተር ተዘግቶ ስለሚሠራ ውስጡ አይታይም። የድሮ መጫወቻ ባቡር ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው፤ ጥፋቱ በዓይን ይታያል። ማርክሊን የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1859 በጎፒንገን ከተማ ተመሠረተ፤ በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ላይ ስፋታቸው የተወሰነ የመጫወቻ ሐዲዶችን አቀረበ። ሊዮነል በ1900 በኒው ዮርክ ተቋቋመ። በእንግሊዝ ፍራንክ ሆርንቢ በ1920 በመጠምዘዣ የሚሄዱ ባቡሮችን ማውጣት ጀመረ፤ ሆርንቢ ደብሎ የተባለው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ባቡር በ1938 ወጣ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬም ይሄዳሉ፤ ሲሄዱ ግን ይጮኻሉ።

የእነዚህ ባቡሮች የኤሌክትሪክ ሞተሮች ከወፍጮ ሞተር በአንድ ነገር ይለያሉ፤ ካርቦን አላቸው። ሁለት ትናንሽ ካርቦኖች በሚዞረው መዳብ፣ ማለትም በኮሙቴተሩ ላይ ተደግፈው ኃይል ያስተላልፋሉ። የካርቦኑ ብናኝ በመዳቡ ቁራጮች መካከል ሲሞላ ብልጭታ ይበዛል፤ ድምፁ ይሻክራል፤ ሎኮሞቲቩም ያነክሳል። ሰብሳቢው በቀጭን እንጨት ክፍተቶቹን ይጠርጋል፤ መዳቡን በአልኮል ያጸዳል፤ የካርቦኑን ርዝመትና የስፕሪንጉን ጉልበት ያያል። በጣም የጠነከረ ስፕሪንግ ጩኸት ይጨምራል፤ የላላ ስፕሪንግ ብልጭታ ይጨምራል።

ሁለተኛው ምንጭ ጥርሱ ነው። እንደ ትራይ-አንግ ኤክስ 04 ባሉ ሞተሮች አልቤሮው ላይ የተጠመዘዘ ጥርስ አለ፤ እሱም የመንኮራኩሩን ጥርስ ይነዳል። አልቤሮው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ክፍተት ሲበዛ ባቡሩ ቁልቁል ሲወርድ ወይም አቅጣጫ ሲቀይር ያንኳኳል፤ ቀጭን ሮንዴላ ይጨመርለታል። ጥርሶቹ እጅግ ተጠጋግተው ከተገጠሙ ያቃስታሉ፤ ከተራራቁ ይንገጫገጫሉ። ባለሙያዎቹ እዚህም መጀመሪያ ሞተሩን ከጥርሱ ነጥለው ለብቻው ያዞሩታል። ቺንጋ አውጥቶ ሞተር ማዳመጥ ማለት ይኸው ነው።

ሰብሳቢዎች የሚጠነቀቁት ሌላም ነገር አለ። በድሮ ሞተሮች ያለው አልኒኮ የሚባለው ማግኔት ሮተሩ ከመሐሉ ሲወጣ ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሲከፍቱት በሁለቱ ጫፎች መካከል የብረት ድልድይ ያስቀምጣሉ። ማግኔቱ ከደከመ ሞተሩ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ ኃይል ይስባል፤ ይግላል፤ ያጉረመርማል። ከዚህ ሁሉ ጥገና በኋላም የሚቀር ድምፅ አለ። ባዶው ሽፋንና ሐዲዱ የተለጠፈበት ጣውላ እንደ ከበሮ ድምፁን ያጎሉታል፤ ከሐዲዱ ሥር የቡሽ ንጣፍ ሲገባ ይረጋል።

በአገራችን ከተጣለ የካሴት ማጫወቻ ሞተር ነቅለው፣ በባትሪ ድንጋይና በጎማ ክር መኪና የሚነዱ ልጆችም ያው ኮሙቴተር ያለው ሞተር ነው የሚይዙት። የባጃጅ ማስነሻ ሞተርም በአብዛኛው ከዚሁ ወገን ነው።

ቬንትሌተር በበጋ

አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ብትገኝም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሙቀቱ ይበረታል፤ ወደ ኩርሙክና ወደ ጉባ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ይብሳል። በእነዚህ ወራት ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ቬንትሌተር ሲጮህ እንቅልፍ ይነሣል።

የጠረጴዛ ቬንትሌተር ብዙ ጊዜ ባለ ኳስ ኩሽኔታ የለውም፤ ዘይት በቀዳዳዎቹ መጥጦ የሚይዝ የነሐስ ቡሽ ነው ያለው። ዘይቱ ሲደርቅ ሞተሩ ለመነሣት ይቸገራል፤ ያፏጫል። ከመቀባቱ በፊት አልቤሮው ላይ የተጠመጠመው ፀጉርና ክር ይወገድ። ከዚያ ሁለት ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። የምግብ ዘይት ለጊዜው ጸጥ ያሰኘዋል፤ ነገር ግን ሙቀት ሲነካው ሙጫ ይሆንና አልቤሮውን ይይዘዋል። ግራሶም ለዚህ ቡሽ ስለሚወፍር ወደ ቀዳዳዎቹ አይገባም።

ዘይት ተቀብቶም እያጉረመረመ ቀስ ብሎ የሚዞር ከሆነ ካፓሲተሩ ደክሟል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ግን ከመነካቱ በፊት ቬንትሌተሩ ከሶኬት መነቀል፣ ካፓሲተሩም የያዘውን ኃይል እንዲለቅ መደረግ አለበት። የጣሪያው ቬንትሌተር የሚወዛወዝ ከሆነ ከጣሪያው እስከ እያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ ያለው ርቀት ይለካ፤ አንዱ ዝቅ ካለ የተጣመመው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ክንፎቹ ላይ የተጋገረውን አቧራ ማጠብ ብቻ ይበቃል።

የሚጠብቀው ሰው ጆሮ

ወፍጮ ቤት ውስጥ ከሞተሩ ሌላ የሚጎዳም አለ። የሥራ ጤና ባለሙያዎች ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የሚያስቀምጡት ወሰን 85 ዴሲቤል ነው። በብዙዎች ዘንድ በሚሠራበት ስሌት በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ሲሆን አራት ሰዓት፣ 91 ሲሆን ሁለት ሰዓት ይሆናል። መለኪያ በሌለበት ቦታ ቀላል ምልክት አለ። በክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገ ወሰኑ ታልፏል ብሎ መገመት ይቻላል።

ቀኑን ሙሉ የሚውለው ወፍጨኛ የጆሮ መሸፈኛ ያስፈልገዋል። ተራ ለሚጠብቁት፣ በተለይ ሕፃን ላዘሉ እናቶች፣ አግዳሚ ወንበሩን ወደ ውጭ ማውጣት ብቻውን ትልቅ ለውጥ ነው። በሜዳ ላይ ከድምፁ ምንጭ የሚራቀው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። የላላ ግድግዳ ቆርቆሮ ሲጠብቅ ደግሞ ከሞተሩ ያልመጣው መንኳኳት ይወገዳል።

ወደ አዲስ አበባ ከመደወሉ በፊት

ወፍጮው ጤነኛ በሆነበት ቀን በስልክ የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ድምፅ በኋላ ብዙ ይጠቅማል። ስልኩ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ከሞተሩ እኩል ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ ቅጂው በየወሩ ሲደገም ለውጡ ጎልቶ ይሰማል። ድምፅን ወደ ሥዕል የሚለውጡ ነጻ የስልክ መተግበሪያዎችም አሉ፤ በሰከንድ 100 ምልልስ ላይ የሚታይ ጉብታ ወደ መግነጢሱ፣ በ24 አካባቢ የሚታየው ወደ ሚዛን መሳት ይመራል፤ ዝቅተኛውን ድምፅ ግን የስልክ ማይክ ሁልጊዜ አይዘውም።

ዕቃ ለማዘዝ ሲደወል ሻጩ የሚጠይቀው በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ያለውን ነው፦ ስንት ኪሎ ዋት፣ በደቂቃ ስንት ዙር፣ ስንት ቮልት፣ ስንት አምፔር። የሁለቱ ኩሽኔታዎች ቁጥር ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ የፑሌጃው ወገን ከኋላው ሊተልቅ ይችላል፤ ሁለቱም ከነክዳናቸው ዓይነትና «ሲ3» ካለ ከነምልክቱ ይጻፉ። የቺንጋው ፊደልና ርዝመት ጀርባው ላይ ታትሟል፤ ፊደሉ የወርዱን ልክ፣ ቁጥሩ ርዝመቱን ያመለክታል። ጽሑፉ ከተፋቀ የአሮጌው ቺንጋ ዙሪያ በሜትር ተለክቶ፣ ወርዱና ውፍረቱ ተጨምሮ ይላካል፤ ብዛቱም አንድ ሳይሆን ፑሌጃው ላይ ባሉት መንገዶች ቁጥር ልክ ይሁን።